ኢንሱሊንን በራስ እጅ መውሰድ፦ «ተነግሮታል» እና «ተምሯል»



በሕሙማን የሕክምና መዝገብ ላይ ደጋግማ የምትገኝ አንዲት አጭር ዐረፍተ ነገር አለች፤ «ስለ ኢንሱሊን አወሳሰድ ትምህርት ተሰጥቶታል» ትላለች። ዐረፍተ ነገሯ የምትመሰክረው ስለ ሰጪው ነው፤ ተቀባዩ ምን ይዞ ወደ ቤቱ እንደ ሄደ ግን አትናገርም። የዛሬው ገለጻዬ በሰጪና በተቀባይ መካከል ስላለው ስለዚህ ርቀት ነው።

በቀን ሁለት ጊዜ ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው በዓመት ከ700 ጊዜ በላይ መርፌ ያነሣል። ከእነዚህ ውስጥ ሐኪም ወይም ነርስ አጠገቡ ሆነው የሚያዩት ጥቂቱን፣ ብዙ ጊዜም አንዱንም አይደለም። እንግዲህ የዚህ ሕክምና ዋነኛ ፈጻሚ ሕመምተኛው ራሱ ነው፤ የእኛ ድርሻ እርሱን ለሥራው ማብቃት ነው። ራስን መርፌ መውጋት መማር የአንድ የእጅ እንቅስቃሴ ልምምድ ብቻ አይደለም፤ ቀድሞ የሐኪሙ የነበረን ውሳኔ መረከብ ነው። ርክክቡ መፈጸሙ የሚታወቀውም እኛ በተናገርነው ሳይሆን እርሱ በሚያሳየን ነው።

ኢንሱሊን ለምን በመርፌ?

ቆሽት ከጨጓራ በስተኋላ የሚገኝ አካል ነው። በውስጡ ያሉት ቤታ የተባሉ ሕዋሳት ኢንሱሊን የተባለውን ሆርሞን ያመነጫሉ። ኢንሱሊን ከምግብ የተገኘው ግሉኮስ ከደም ወደ ጡንቻና ወደ ስብ ሕዋሳት እንዲገባ ያደርጋል፤ ጉበትም ስኳር ወደ ደም መልቀቁን እንዲቀንስ ያዛል። በዓይነት አንድ የስኳር ሕመም የሰውነት የመከላከያ ሥርዓት ራሱ እነዚህን ሕዋሳት ያጠፋቸዋል፤ በዚህ ጊዜ ኢንሱሊን ከውጭ ካልተሰጠ ሕይወት አይቀጥልም። በዓይነት ሁለት ደግሞ ሰውነት ለኢንሱሊን የሚሰጠው ምላሽ ይደክማል፣ ቆሽትም ከዓመት ወደ ዓመት ይዝላል፤ በዚህም ምክንያት ክኒን ብቻውን የማይበቃቸው ሕሙማን መርፌ ይጀምራሉ።

ብዙዎች መጀመሪያ የሚያነሡት ጥያቄ «በክኒን አይሆንም ወይ?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ በአንድ ዐረፍተ ነገርም ይመለሳል። ኢንሱሊን ፕሮቲን ስለሆነ ቢዋጥ እንደ ሥጋና እንደ ባቄላ ፕሮቲን ሁሉ በጨጓራና በአንጀት ውስጥ ተፈጭቶ ይቀራል። ይህን የተረዳ ሰው መርፌው የቅጣት ወይም የተስፋ መቁረጥ ምልክት አለመሆኑን፣ ከመድኃኒቱ ጠባይ የመጣ መንገድ ብቻ መሆኑን ይገነዘባል። ምክንያቱ ያልተነገረው ሰው ግን ክኒን የሚወስድ ጎረቤቱን እያየ «ለእኔ መርፌ የታዘዘልኝ መጨረሻዬ ስለደረሰ ነው» ብሎ ሊያስብ ይችላል፤ እንዲህ የሚያስብ ሰው መርፌውን ለማቆም ሰበብ ይፈልጋል።

ሕመምተኛው ተማሪ የሆነበት ታሪክ

የምጠቅሳቸው ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። በ1921 ፍሬድሪክ ባንቲንግና ቻርልስ ቤስት በካናዳ፣ በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ፣ በፕሮፌሰር ጆን ማክላውድ ቤተ ሙከራ ከእንስሳት ቆሽት የደም ስኳርን የሚቀንስ ጭማቂ አወጡ። ጃንዋሪ 11 ቀን 1922 ሊዮናርድ ቶምሰን ለተባለ የ14 ዓመት ልጅ የመጀመሪያው መርፌ ተሰጠ። ጭማቂው በሚገባ ስላልጠራ ውጤቱ አነስተኛ ነበር፤ የተወጋበትም ቦታ መግል ቋጠረ። ጄምስ ኮሊፕ የተባለው የባዮኬሚስትሪ ሊቅ ካጠራው በኋላ ጃንዋሪ 23 ቀን ሕክምናው እንደገና ሲጀመር ግን ልጁ አገገመ። በ1923 ባንቲንግና ማክላውድ የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ።

ይህ ታሪክ በብዙ መጻሕፍት ይገኛል። እምብዛም የማይነሣው ወዲያው የተከተለው ችግር ነው። አዲሱ መድኃኒት ሕመሙን የሚፈውስ ሳይሆን በየቀኑ የሚተካ ነበር፤ የትኛውም ሆስፒታል ደግሞ ሕመምተኛን ዕድሜ ልኩን አስተኝቶ መርፌ ሊወጋው አይችልም። ስለዚህ ሕሙማን የመስታወት ሲሪንጅ ይዘው ወደየቤታቸው መሄድ፣ ሲሪንጁን መቀቀል፣ የደነዘዘውን መርፌ በድንጋይ መሳል፣ ልኩንም ራሳቸው መቅዳት ነበረባቸው። በሕክምና ታሪክ ውስጥ ተራ ሰው እንዲህ ያለ ኃይለኛና አደገኛ መድኃኒት በመርፌ በየቀኑ ለራሱ እንዲሰጥ በዚህ ስፋት አደራ የተጣለበት ጊዜ አልነበረም ማለት ይቻላል።

ይህን አስቀድመው ከተረዱት አንዱ በቦስተን ይሠራ የነበረው ሐኪም ኤሊየት ጆስሊን ነው። ኢንሱሊን ከመገኘቱ በፊት በ1918 ያሳተመው የስኳር ሕመም መመሪያ ለሐኪሙና ለሕመምተኛው የጋራ መጠቀሚያ እንዲሆን ታስቦ የተጻፈ ነበር። ኢንሱሊን ሲመጣም ሕሙማንን የሚያስተምሩ ነርሶችን አሠለጠነ። በለንደን ደግሞ ሮበርት ዳንኤል ሎውረንስ ሐኪምም ሕመምተኛም ነበር፤ በ1923 ሰውነቱ መንምኖ ከጣሊያን ከተማ ከፍሎረንስ ወደ ለንደን ተመልሶ ኢንሱሊን ጀመረ፣ እስከ 1968ም ኖረ። በ1934 ከደራሲው ኤች ጂ ዌልስ ጋር ሆኖ የስኳር ሕሙማንን ማኅበር መሠረተ።

በ1972 የሎስ አንጀለሷ ሐኪም ሊዮና ሚለር ድኾች በሚታከሙበት የመንግሥት ሆስፒታል ያገኘችውን ልምድ አሳተመች፤ ሕሙማኑ ሲማሩና በስልክ የሚጠይቁት ሰው ሲያገኙ ወደ ሆስፒታል ተመልሰው የሚተኙበት ጊዜ እጅጉን ቀነሰ። ከዚያ በኋላ በጄኔቫ ዣን ፊሊፕ አሳል፣ በዱሰልዶርፍ ሚካኤል በርገር የሕሙማን ትምህርት የራሱ መርሐ ግብርና የራሱ ግምገማ ያለው የሕክምናው አካል እንዲሆን ሠሩ። በአገራችንም በጎንደርና በጅማ ሥር የሰደዱ ሕመሞችን ክትትል ወደ ገጠር ጤና ጣቢያዎች በማውረድ፣ ነርሶች እዚያው እንዲከታተሉና እንዲያስተምሩ የተደረገው ጥረት የዚሁ ሐሳብ ልጅ ነው። ለአንድ ኢንሱሊን ፈላጊ ገበሬ የሁለት ቀን መንገድ ወደ ግማሽ ቀን ማጠሩ በሕይወትና በሞት መካከል ያለ ልዩነት ሊሆን ይችላል።

ፍርሃቱ መጀመሪያ ይውጣ

በአማርኛ «መርፌ» ስንል ብዙዎቻችን የምናስታውሰው በልጅነታችን ጡንቻችን ላይ የተወጋነውን ረጅምና ወፍራም መርፌ ነው። የኢንሱሊን መርፌ ግን ሌላ ነው። እጅግ ቀጭን ነው፤ በኢንሱሊን ብዕር ላይ የሚገጠመው 4 ሚሊ ሜትር ብቻ የሚረዝም ሊሆን ይችላል፤ የሲሪንጅ መርፌ ደግሞ ከ6 እስከ 13 ሚሊ ሜትር ገደማ ይደርሳል። የሚገባውም ወደ ጡንቻ ሳይሆን ከቆዳ ሥር ወዳለው ስብ ነው።

የማስተማሩ ቅደም ተከተል እዚህ ላይ ትርጉም አለው። ብዙ ጊዜ ስለ በሽታው፣ ስለ ምግብ፣ ስለ ልክ ለግማሽ ሰዓት ከተናገርን በኋላ በመጨረሻ መርፌውን እናወጣለን። ሕመምተኛው ግን ያን ግማሽ ሰዓት ሁሉ መርፌውን እየጠበቀ ነበርና ከተናገርነው የሚበዛውን አልሰማም። ስለዚህ መርፌው ይቅደም። ኢንሱሊን ያልተቀዳበት አዲስ መርፌ ይያዝ፣ ሆዱ ላይ ራሱ ይውጋ፣ ያውጣው። ሕመሙ ከጠበቀው በታች መሆኑን ካየ በኋላ ጆሮው ይከፈታል፤ ትምህርቱም ከዚያ ይጀምራል።

ከሕመሙ ይልቅ የሰው ዓይን የሚያስፈራቸውም አሉ። መርፌ ይዞ መገኘት ክፉ ስም ያስከትልብኛል ብሎ የሚሰጋ ወጣት፣ ከዘመድ ቤት ስታድር ልኳን የምትዘልል ሙሽራ፣ በሥራ ቦታ ምሳውን በልቶ መርፌውን ግን እስከ ማታ የሚያቆይ ሠራተኛ፣ ሁሉም በሚገባ መውጋት የሚችሉ ናቸው። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚለው የአበው ቃል እዚህ ላይ እንደ ምክር ብቻ ሳይሆን እንደ መመሪያ ሊወሰድ ይገባል፤ ቢያንስ አንድ የቤተሰብ አባልና አንድ ጓደኛ ሕመሙንም መርፌውንም ይወቁ። ምክንያቱን ስለ ደም ስኳር ማነስ ስናገር እመለስበታለሁ።

ልክን መቅዳት

በአገራችን በብዛት የሚገኘው ኢንሱሊን በብልቃጥ የሚመጣው ነው። አንድ ብልቃጥ 10 ሚሊ ሊትር ይይዛል፤ በእያንዳንዱ ሚሊ ሊትር 100 ዩኒት ስላለ በጠቅላላው 1000 ዩኒት ነው። ሲሪንጁም ለዚሁ ጥንካሬ የተሠራ መሆን አለበት። ሲሪንጆቹ ደግሞ አንድ ዓይነት አይደሉም፤ 100 ዩኒት በሚይዘው ላይ እያንዳንዷ ትንሽ መስመር ብዙ ጊዜ 2 ዩኒት ናት፤ 50 ዩኒት በሚይዘው ላይ ግን 1 ዩኒት። በትልቁ ሲሪንጅ «ዐሥር መስመር» ብሎ የለመደ ሰው ትንሹ ሲሰጠው ሳያውቅ ግማሹን ብቻ ይወስዳል፤ በትንሹ የለመደ ሰው ደግሞ ትልቁ ሲሰጠው እጥፍ ይወስዳል።

ከዚህ የከፋ ስሕተትም አለ። በአንዳንድ አገሮች እስከ ዛሬ በሚሊ ሊትር 40 ዩኒት ያለው ኢንሱሊንና የእርሱ ሲሪንጅ ይገኛሉ። ባለ 100 ዩኒት ኢንሱሊን ለባለ 40 በተሠራ ሲሪንጅ «20» ከሚለው ቁጥር ላይ ቢቀዳ በውስጡ ያለው ግማሽ ሚሊ ሊትር፣ ማለትም 50 ዩኒት ነው፤ የታዘዘው ሁለት እጥፍ ተኩል ይሆናል። ስለዚህ «ሃያ ዩኒት ይውሰድ» ብሎ ማዘዝ አይበቃም፤ በየትኛው ሲሪንጅ፣ ከየትኛው መስመር ላይ እንደሆነ በዕቃው ራሱ ማሳየት ያስፈልጋል።

አቀዳዱ ይህን ይመስላል። እጅ በሳሙና ይታጠባል። የብልቃጡ ስም፣ ጥንካሬና የመጠቀሚያ ጊዜ ይነበባል። እንደ ኤን ፒ ኤች ያለው የደፈረሰ ኢንሱሊን በሁለት መዳፍ መካከል በዝግታ ይንከባለላል፣ ይገላበጣልም፤ ነጩ ዝቃጭ በሙሉ እስኪዋሐድ ድረስ። እንደ እርጎ መናጥ ግን አይገባም። የሚወሰደውን ልክ ያህል አየር ወደ ሲሪንጁ ይሳባል፣ ወደ ብልቃጡም ይገፋል። ብልቃጡ ተዘቅዝቆ ልኩ ይቀዳል፤ የአየር አረፋ ቢኖር ሲሪንጁን በጣት መታ መታ አድርጎ ወደ ላይ ማውጣትና እንደገና ማስተካከል ነው። ትንሽ አረፋ ከቆዳ ሥር ቢገባ አይጎዳም፤ ችግሩ የኢንሱሊኑን ቦታ ይዞ ልኩን ማጉደሉ ነው።

የጠራው ፈጣን ኢንሱሊንና የደፈረሰው ኤን ፒ ኤች በአንድ ሲሪንጅ እንዲቀላቀሉ ከታዘዘ፣ አየር መጀመሪያ ወደ ደፈረሰው፣ ቀጥሎ ወደ ጠራው ይገፋል፤ ሲቀዳ ግን የጠራው ይቀድማል፣ የደፈረሰው ይከተላል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ከደፈረሰው አንዲት ጠብታ ወደ ጠራው ብልቃጥ ብትገባ ፈጣኑ መድኃኒት ቀስ በቀስ ፍጥነቱን ያጣል። ምክንያቱን የሚያውቅ ሰው ቅደም ተከተሉን ቢረሳ እንኳ አስቦ ይደርስበታል።

ፊደል ያልቆጠሩ ሕሙማን ይህን አይችሉም ብሎ መደምደም ስሕተት ነው። ማንበብ የማይችል ነጋዴ በብር ቆጠራ አይታለልም፤ ማንበብ የማትችል እናትም የሽሮዋንና የበርበሬዋን መጠን አትስትም። መስመር መቁጠር፣ ሲሪንጁ ላይ በቀለም ምልክት ማድረግ፣ ሁለቱን ብልቃጦች አንዱን ክር በማሰር መለየት ይቻላል። ዓይኑ የደከመ ሰው ግን ብቻውን አይተው፤ ልኩን የሚቀዳለት የቤተሰብ አባል አብሮ ይማር።

የሚወጋበት ቦታ

የሚወጉት ቦታዎች አራት ናቸው፤ ከእምብርት ሁለት ጣት ያህል ርቆ ሆድ፣ የጭን የፊትና የውጭ ጎን፣ የላይኛው ክንድ የኋላ ጎን፣ እንዲሁም መቀመጫ። ኢንሱሊን ከሆድ በፍጥነት፣ ከጭንና ከመቀመጫ በዝግታ ወደ ደም ይገባል። ስለዚህ የጠዋቱ ሁልጊዜ ሆድ፣ የማታው ሁልጊዜ ጭን ቢሆን ውጤቱን ለመገመት ይቀላል፤ ዛሬ ሆድ ነገ ክንድ እያሉ መዘዋወር ግን የደም ስኳርን ያዋዥቃል።

በአጭር የብዕር መርፌ ቀጥ አድርጎ መውጋት ይቻላል። ረዘም ባለው የሲሪንጅ መርፌ ግን ቆዳውን ከነስቡ በሁለት ጣት ቆንጥጦ ማንሣት፣ ቀጭን ሰው ከሆነም በ45 ዲግሪ አጋድሎ መውጋት ይገባል። ከውጭ የመጡ ሥዕላዊ መመሪያዎች ብዙ ጊዜ የሚያሳዩት ወፍራም ሆድ ነው፤ ወደ እኛ ክሊኒኮች የሚመጣው የዓይነት አንድ ሕመምተኛ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከሲታ ነው። መርፌው ጡንቻ ውስጥ ከገባ ኢንሱሊኑ በፍጥነት ይሠራል፤ ሰውየው ወዲያው እርሻ ቢወርድ ወይም ረጅም መንገድ ቢጓዝ የደም ስኳሩ ሳይታሰብ ሊወርድ ይችላል።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ጉዳይ አለ። ኢንሱሊን ስብን የማሳደግ ጠባይ አለው። አንድ ቦታ ላይ ብቻ ሲደጋገም ከቆዳ ሥር ለስላሳ ወይም ጠንከር ያለ እብጠት ይፈጠራል። እብጠቱ ላይ መውጋት ብዙም ስለማያምም ሕመምተኛው ይወደዋል፤ ከዚያ የሚገባው ኢንሱሊን ግን አንድ ቀን ይዘገያል፣ ሌላ ቀን ይፈጥናል። የደም ስኳሩ ሲጨምር ሐኪሙ ልኩን ያሳድጋል፤ አንድ ቀን ሕመምተኛው ወደ ጤናማ ቆዳ ሲዛወር ያደገው ልክ በሙሉ ኃይሉ ይሠራና ይጥለዋል። መከላከያው ሆድን በአራት ከፍሎ በየሳምንቱ ከአንዱ ወደ ሌላው መዛወር፣ በአንዱ ክፍል ውስጥም ካለፈው ቦታ ቢያንስ አንድ ሴንቲ ሜትር መራቅ ነው። የእኛ ግዴታ ደግሞ ልክ ከመጨመራችን በፊት የሚወጋበትን ቦታ ገልጠን በእጃችን መዳሰስ ነው።

ሰዓትና ማዕድ

ፈጣኑ ኢንሱሊን ከግማሽ ሰዓት በኋላ መሥራት ይጀምራል፣ ከ2 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ይበረታል፤ ስለዚህ ከምግብ 30 ደቂቃ ቀደም ብሎ ይወሰዳል። ኤን ፒ ኤች ከተወጋ ከ4 እስከ 10 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ይበረታል። ይህን ቁጥር በእኛ ሰዓት አቆጣጠር እናስላው። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ የተወጋ ኤን ፒ ኤች ከቀኑ 5 እስከ 11 ሰዓት ኃይሉ ከፍ ይላል። ጾሙን እስከ 9 ሰዓት የሚያቆይ ምእመን የለመደውን ልክ ጠዋት ወስዶ ምሳውን ቢያቆይ፣ መድኃኒቱ በበረታበት ሰዓት ሆዱ ባዶ ነው። በረመዳን ደግሞ ዋናው ማዕድ ወደ ማታ ስለሚዞር ልኩና ሰዓቱ አብረው መዞር አለባቸው።

ሁለቱም ሃይማኖቶች ለታመመ ሰው ፈቃድ አላቸው፤ ብዙዎች ግን በፈቃዱ መጠቀም አይሹም። እንዲህ ያለውን ሰው «አትጹም» ብሎ ማሰናበት ጾሙን አያስቀርም፤ ሕመምተኛው ለእኛ መንገሩን ብቻ ያስቀራል። ጾሙ ከመግባቱ በፊት መጠየቅ፣ ልኩን መከለስ፣ ጾሙ የሚፈታበትን ምልክት መስማማት፣ ከተቻለም ንስሐ አባቱን ወይም ኢማሙን ማሳተፍ የተሻለው መንገድ ነው።

ሰዓት በራሱም የስሕተት ምንጭ ነው። በፈረንጅ አቆጣጠር «7» ተብሎ የተጻፈ የጠዋት ትእዛዝ ለባለ አገሩ ከቀትር በኋላ 7 ሰዓት ነው። ስለዚህ ትእዛዛችን «ጠዋት 1 ሰዓት፣ ከቁርስ በፊት» እየተባለ ይጻፍ።

የደም ስኳር ከ70 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር ሲወርድ ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ድንገተኛ ረኃብ፣ የልብ ምት መፍጠን፣ መነጫነጭ ይታያሉ፤ ከባሰም ግራ መጋባትና ራስን መሳት ይከተላል። ገና ሲጀምር ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጦ መጠጣት፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ ካልተሻለ መድገም፣ ቀጥሎም ምግብ መብላት ነው። ራሱን የሳተ ሰው አፍ ውስጥ ግን ምንም አይጨመርም፤ በጎኑ አስተኝቶ ወደ ጤና ተቋም ማድረስ ነው። ሕመሙን የሚያውቅ ሰው አጠገቡ ይኑር ያልኩት ለዚህ ነው። ሕመሙ ያልታወቀለት ሰው በመንገድ ላይ ሲንገዳገድ የሚያየው ሁሉ ሰካራም ነው ብሎ ያልፈዋል።

ሳይበሉ የሚዋልበት ቀን

ቀደም ብዬ ባዶ ሆድና ኢንሱሊን ሲገናኙ አደጋ እንዳለ ተናግሬያለሁ። ተማሪዬ ከዚህ ተነሥቶ «እንግዲያው ያልበላሁ ቀን ኢንሱሊን አልወስድም» ቢል በደንብ ያሰበ ይመስለዋል። ለዓይነት አንድ ሕመምተኛ ግን ይህ ድምዳሜ ገዳይ ሊሆን ይችላል። ትኩሳት ወይም ትውከት ሲኖር ሰውነት የጭንቀት ሆርሞኖችን ስለሚያመነጭ ምንም ሳይበላ የደም ስኳር ይጨምራል። ኢንሱሊን ጨርሶ ከጠፋ ሰውነት ስብን እያቃጠለ ኬቶን የተባሉ አሲዶችን ያጠራቅማል። ጥማት፣ የሽንት መብዛት፣ ማስታወክ፣ የሆድ ሕመም፣ ጥልቅና ፈጣን ትንፋሽ፣ የፍራፍሬ ዓይነት የአፍ ጠረን ምልክቶቹ ናቸው። በጊዜ ካልታከመ ይገድላል።

ስለዚህ መመሪያው እንዲህ ነው፦ በሕመም ቀን ልኩ ሊለወጥ ይችላል፤ ኢንሱሊን ግን በፍጹም አይቆምም። ውኃ በብዛት ይጠጣል፣ የደም ስኳር መለኪያ ካለ ቶሎ ቶሎ ይለካል፣ ትውከቱ ካልቆመ ወደ ሕክምና ይኬዳል። ወደ ጠበል የሚሄድ ሰውም ይህንኑ ይወቅ። ጸሎትና ጠበል ከመርፌው ጋር አብረው ሊሄዱ ይችላሉ፤ መርፌውን ማቋረጥ ግን የእምነት መለኪያ አይደለም። ይህን ለማስረዳት ሃይማኖቱን መንቀፍ አያስፈልገንም።

ማቀዝቀዣ በሌለበት ቤት

ያልተከፈተ ብልቃጥ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ይቀመጣል። የተከፈተው ግን ከ25 እስከ 30 ዲግሪ በማያልፍ ጥላ ውስጥ ለአራት ሳምንት ገደማ ይቆያል። በረዶ የሠራ ኢንሱሊን ቢቀልጥም አይጠቅምም፤ ይጣላል። በቆላማ ቦታዎች፣ ማቀዝቀዣ በሌለበት፣ ሁለት የሸክላ ማሰሮዎችን አንዱን በሌላው ውስጥ አስቀምጦ በመካከላቸው እርጥብ አሸዋ መሙላት ውኃው ሲተን ውስጡን ያቀዘቅዛል። በኬንያ፣ በዳዳብ በሚገኘው በዳጋሃሌይ የስደተኞች መጠለያ ከተለካው የሙቀት ሁኔታ ተነሥተው ድንበር የለሽ ሐኪሞችና የጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2021 ያሳተሙት ጥናት፣ ከ25 እስከ 37 ዲግሪ በሚዋዥቅ ሙቀት ለአራት ሳምንት የቆየ ኢንሱሊን ኃይሉን እንደ ጠበቀ አሳይቷል። ይህ ብልቃጡን ፀሐይ ላይ ለመተው ፈቃድ አይደለም፤ ነገር ግን «ማቀዝቀዣ ስለሌለህ ኢንሱሊን አይሆንልህም» የሚለውን ፍርድ ያፈርሳል።

ሲሪንጅ የተሠራው ለአንድ ጊዜ አገልግሎት ነው። ከእጥረት የተነሣ ደግመው የሚጠቀሙ ብዙዎች መሆናቸውን ግን መካድ አንችልም። የማይታለፈው ድንበር ይህ ነው፦ የአንዱ መርፌ ለሌላው፣ ለትዳር ጓደኛ እንኳ፣ አይሰጥም። ያገለገለው መርፌ ክዳን ባለው ጠንካራ የፕላስቲክ ዕቃ ተጠራቅሞ ወደ ጤና ጣቢያ ይመለሳል፤ ሜዳ ላይ የተጣለ መርፌ የሚያገኘው ሕፃን ነውና።

እንዴት እናረጋግጥ?

ያነሣኋቸውን ሁሉ በአንድ ቀን የሚይዝ አእምሮ የለም፤ እናንተ ራሳችሁ ለፈተና ስትዘጋጁ ታውቁታላችሁ። በመጀመሪያው ቀን ሕይወትን የሚያቆየው ብቻ ይበቃል፤ ልኩን መቅዳትና መውጋት፣ የደም ስኳር ማነስን ማወቅና ማከም፣ ኢንሱሊንን አለማቆም። ቦታ መቀያየር፣ የጾምና የጉዞ ቀን፣ የምግብ ዝርዝር በቀጣዮቹ ቀጠሮዎች ይመጣሉ።

«ገባዎት?» የሚለውን ጥያቄ ደግሞ እንተወው። በባህላችን ለሐኪም «አልገባኝም» ማለት እንደ ድፍረት ይቆጠራል፤ መልሱ ሁልጊዜ «አዎ፣ እግዜር ይስጥልኝ» ነው። በእርሱ ፋንታ እንዲህ እንበል፦ «እማማ፣ በደንብ አስረድቼ እንደሆነ ላረጋግጥ፤ ነገ ጠዋት የሚወስዱትን እስቲ አሁን ቀድተው ያሳዩኝ።» ቀጥሎም፦ «ነገ ቢያስመልስዎት መርፌውን ምን ያደርጉታል?» ፈተናው የአስተማሪው ሆኖ ሲቀርብ ተማሪዋ አታፍርም። የሚታየው ስሕተት ደግሞ ወዲያው ይታረማል፤ በቤት የሚደገም ስሕተት ግን አራሚ የለውም። በቀጣዩ ቀጠሮም እንደገና ታሳይ፤ የእጅ ልምድ በጊዜ ብዛት ይዛነፋልና።

ጊዜ የለንም የሚለው መከራከሪያ እውነትነት አለው። በተጨናነቀ የተመላላሽ ክፍል ውስጥ ለአንድ ሰው ሃያ ደቂቃ መስጠት ቀላል አይደለም። ነገር ግን ተማሪ ያልሆነ ሕመምተኛ በኬቶአሲዶሲስ ተመልሶ ሲተኛ የሚወስደው ጊዜ በቀናት የሚቆጠር ነው፤ ያውም ከተመለሰ።

ውድ ተማሪዎች፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ በየሆስፒታሉና በየጤና ጣቢያው መዝገብ የምትጽፉት እናንተ ናችሁ። የምጠይቃችሁ አንድ ነገር ነው። «ትምህርት ተሰጥቶታል» ብላችሁ ከመፈረማችሁ በፊት ብልቃጡንና ሲሪንጁን በእጁ ስጡት፣ ዝም ብላችሁ ተመልከቱት። ያያችሁትን ጻፉ፦ «ልኩን በትክክል ቀድቷል፤ ሆዱ ላይ ራሱ ወግቷል፤ በሕመም ቀን ኢንሱሊን እንደማያቆም ተናግሯል።» እንዲህ ያለ መዝገብ የሚያነብ ቀጣይ ሐኪም ከምን መጀመር እንዳለበት ያውቃል። ሕመምተኛውም ማታ በቤቱ፣ በኩራዝ ብርሃን ሲሪንጁን ሲያነሣ ሥራውን የሚያውቅ ሰው ሆኖ ያነሣዋል።